አምስት ቀን ያልጠበቅሁት ድንጋይ

የድንጋዩን ልክ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ክንድ፣ ውፍረቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት፣ መሐሉ ላይ ሁለት ጡጫ ጎን ለጎን የሚያስገባ ቀዳዳ። እንዲህ ያለውን የሚመዝን ሚዛን በአገራችን ስለሌለ ክብደቱን በስሌት ነው ያገኘሁት፤ ከአራት ኩንታል በላይ ነው። ተወቅሮ እስኪያልቅ ከእኔ በቀር ማንም መሮ አላሳረፈበትም።

በዚህ ድንጋይ ምክንያት የደረሰውን ነገር የመንደሬ ሰው ግማሹን ያውቃል። ቀሪውን ግማሽ እኔ ብቻ የማውቀው መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት አልቆ፣ የተረፉት ልጆች ወደየቤታቸው በተመለሱ በዓመቱ ነው። መንደራችን ከዘመሮ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ትርቃለች። አባቴ ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የእርሻውን ሞፈር ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ በራሴ ነው። ያገኘሁትን ወረቀት አነባለሁ፤ ያየሁትን ነገር እለካለሁ፤ የለካሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ከሰው ጋር ብዙ አልናገርም ነበር።

ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ የውሃ ወፍጮ ነበረን። ባለቤቱ አገሩ ሁሉ ነው፤ የሚያሠሩት ግን አባ ተክሌ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የወፍጮው የላይኛው ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ሥራ ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ድንጋዩን ይወቅሩ የነበሩት ሰው ደግሞ ሙያቸውን ለማንም ሳያስተምሩ ሞቱ። ስለዚህ ሴቶቻችን ገብስ ተሸክመው ዘመሮ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ። እህቴ ወርቅነሽ አንድ ቀን ሄዳ ናፍጣ የለም ተብላ እህሉን ሳታስፈጭ ተሸክማው ስትመለስ አየኋት። ሸክሟን ስትፈታው ጠፍሩ ያረፈበት ትከሻዋ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰንበር ነበር። በማግሥቱ ደብተሬን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረድኩ፤ የተሰነጠቀውን ድንጋይ ለካሁ።

ማንም አላመነኝም። መርሐቤቴ ቆላ ወርጄ፣ አንድ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ ድንጋዩ እንዴት እንደተወቀረ አየሁ። ዘመሮ ያለ ብረት ሠሪ ከመኪና ባሌስትራ ሁለት መሮ ሠራልኝ። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ካለው ገደል ሥር ጥቁር ድንጋይ መርጬ ጀመርኩ። በአምስተኛው ወር ድንጋዩ በውስጡ በነበረ ስንጥቅ ተከፈለ። ሌላ መረጥኩና እንደገና ጀመርኩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሳይወረውርብኝ አያልፍም። «እንዴት ነው፣ ዳቦው አልበሰለም?» ይሉኛል። መልስ አልሰጥም። እወቅራለሁ። እንዲህ አሥራ አራት ወር ሞላ።

ኅዳር ሃያ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ድንጋዩ ፊት ላይ የሚቀረጸውን የመጨረሻውን ቦይ ጨረስኩ። አባ ተክሌ ገብሳቸውን ሲያጭዱ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ድንጋዩ አለቀ።»

ማጭዳቸውን ነዶው ላይ ሰክተው ተከተሉኝ። ሲደርሱ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን ከመሐል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሐል አመላለሱበት።

«ከማን ተማርከው?» አሉኝ።

«ከማንም።»

«እጅህ ጥሩ ነው» አሉ። «መቼ ይውረድ ትላለህ?»

«ነገ ቢወርድ።»

«ነገ ምንድን ነው?»

«ጽዮን ማርያም።»

«ስታውቀው!» ሳቁና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ነገ ማርያም። ቅዳሜ ሰንበት ነው። እሑድ ጊዮርጊስ። ሰኞ ተክልዬ። ማክሰኞ መርቆሬዎስ፣ የደብራችን ታቦት። ረቡዕ ሃያ ስድስት። ረቡዕ አገሩን ይዤልህ እመጣለሁ። ከየቤቱ ጠፍር አሰብስቤ፣ አርባ ሰው።»

«አርባ ለምን አባ? ቁልቁለት እኮ ነው።»

«ቁልቁለት ስለሆነ ነዋ። ወፍጮ አይጎተትም ልጄ፤ ይያዛል። መውረዱንማ ራሱ ያውቅበታል። ሰው የሚያስፈልገው ቀስ ለማሰኘት ነው።»

አመስግኜ ተለየኋቸው። የሰጡኝ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ገብሱ ደርቆ ማሳ ላይ ቆሟል። አምስት ቀን በበዓል ምክንያት ማጭድ አይነሣም። ከዚያ በኋላ የምትመጣውን የመጀመሪያዋን የሥራ ቀን አገሩ አጨዳውን ትቶ ለእኔ ድንጋይ ሊሰጥ ነበር። እኔ ግን የታየኝ አምስቱ ቀን ብቻ ነው።

ምክንያት አልነበረኝም አልልም። ከኅዳር መባቻ ጀምሮ በየማለዳው፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ወደ ወንዙ እወርድና የውሃውን ከፍታ ምልክት ባደረግሁበት ዱላ እለካ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጣት ነበር፤ በሃያኛው ቀን አምስት። በደብተሬ ላይ አሰላሁት፤ በዚህ አያያዙ ታኅሣሥ እንደባተ ውሃው መዘውሩን ማዞር ያቅተዋል። ድንጋዩ ወርዶ ከታችኛው ጋር እስኪገጣጠም ደግሞ ሳምንት ይፈልጋል። አምስት ቀን ከጠበቅሁ ወፍጮው እስከሚቀጥለው ክረምት አይፈጭም፤ ወርቅነሽም አንድ ዓመት ሙሉ ዘመሮ ትመላለሳለች። ስሌቱ በደብተሬ ላይ ንጹሕ ነበር።

ያን ዕለት ሲመሽ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ባሏ ሽመልስ ከእኔ ስድስት ዓመት ይበልጣል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ነው። አብረውት ከሄዱት ስድስት የመንደራችን ልጆች ሁለቱ አልተመለሱም፤ አንዱ ዓይኑን አጥቶ መጣ። ሽመልስ ግን አንድም ጭረት አልነካውም። ሲጫወት «ፈንጂ እንኳ የመንዝ ሰው ይከብደኛል ብሎ ተወኝ» ይላል። ጨዋታ የሚያውቅ፣ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር።

«ነገ ማለዳ ድንጋዩን አወርዳለሁ» አልኩት። «ግርማና ዘለቀ እሺ ብለውኛል። አንተ ከመጣህ አራት እንሆናለን።» ግርማና ዘለቀ እኩዮቼና ጎረቤቶቼ ናቸው።

ወርቅነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ነገ እኮ ማርያም ናት።»

«ማረስ አይደል፣ ማጨድ አይደል። ድንጋይ ማንከባለል ነው» አልኳት።

«ይሄ ልጅ ደግሞ መቼ ነው የቀሰሰው?» አለ ሽመልስ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እኛኮ ምሽግ የቆፈርነው በማርያምም በሚካኤልም ነው።»

«እዚያ የቆፈርከው ተገደህ ነው። እዚህ ማን አስገደደህ?»

«ወንድምሽ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ እንዲያውም ከሁላችን በላይ ሳቀች።

ማለዳ ስንደርስ አመዳዩ አገሩን እንደ ጨው ሸፍኖት ነበር። መሬቱ ከመድረቁ የተነሣ ስንረግጠው ይጮሃል። ድንጋዩን እንደ ጎማ በጠርዙ አቆምነው። በቀዳዳው ወፍራም የወይራ ግንድ አሳለፍን። ግርማና ዘለቀ የግንዱን ሁለት ጫፍ ይዘው ድንጋዩን ይመራሉ፤ እኔና ሽመልስ ከግንዱ ጫፎች የታሰሩትን ሁለት የጓሳ ሣር ገመዶች ይዘን ከኋላ እንይዛለን። በየአራት እርምጃው ቆመን ድንጋዩ ሥር ታኮ እናደርጋለን። ከገደሉ ሥር እስከ ወፍጮ ቤቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ቀድሜ ቆጥሬዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ወረደ። የቀዘቀዘው መሬት እግራችንን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሽመልስ በየታኮው አንድ ነገር ይናገራል። «ይህ ድንጋይ ቢያገባ ኖሮ ሚስቱ በምን ትሸከመው ነበር?» ይላል። ግርማ ሲስቅ ግንዱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ «አትሳቁ!» እላለሁ። ቅዳሴ ሲወጣ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ወርደን ነበር። ፀሐዩ ከጋራው በላይ ብቅ አለ።

አባ ተክሌ ነጭ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከመንገዱ በላይ ቆመው አየን።

«እንኳን አደረሳችሁ» አሉ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን አባ» ያለው ሽመልስ ብቻ ነው። እኛ መሬት መሬት አየን።

ወረዱና ታኮውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እዚህ ድረስ ደህና አምጥታችሁታል» አሉ። «አሁን ታኮውን አጥብቁና ተዉት። ረቡዕ ከዚሁ እናነሣዋለን።»

«አባ፣ ግማሹን አልፈን የለም እንዴ?»

«አልፋችኋል። ቀሪው ግን ፀሐይ ሳይነካው የሚወረድ ነው። መሬቱ አሁን ላብ ያወጣል።»

እኔ በዚህ ንግግር ውስጥ የሰማሁት የበዓል ተግሣጽ ነው። በኋላ አንድ በአንድ አስታውሼዋለሁ። አንዴም የማርያምን ስም አላነሡም። ያወሩኝ ስለ መሬት ነበር።

«አባ፣ ድንጋዩን የወቀርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እርስዎ አይደሉም።»

«ልክ ነህ» አሉ። «እኔ አልወቀርኩትም።» ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀስ እያሉ ዳገቱን ወጡ።

ሽመልስ እግሩን አንሥቶ የጫማውን ሶል አየ። ጭቃ መያዝ ጀምሯል።

«አማቼ፣ ሽማግሌው ያሉት ሳይሻል አይቀርም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። «ታኮ እናድርግበት። አምስት ቀን ምን አላት? እኔ ራሴ በየቀኑ እየመጣሁ እጠብቅልሃለሁ፤ አይሰረቅ!»

አሥራ አራት ወር ለተሳለቀብኝ ሰው ሁሉ ያላልኩትን በዚያች ቅጽበት ለእሱ አልኩት።

«ከፈራህ ሂድ። ብቻዬን አወርደዋለሁ።»

ከጦር ሜዳ ለመጣ ሰው «ከፈራህ» አይባልም። ይህን ለማወቅ ደብተር አያስፈልግም። ሽመልስ ገመዱን ወገቡ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሞ ጫፉን በእጁ ያዘ።

«እሺ። አንተ ግራውን፣ እኔ ቀኙን» አለኝ። «ልለቅ ነው ሳትለኝ እንዳትለቅ። እኔም ሳልነግርህ አልለቅም። እንዲህ ነው ሰው የሚተርፈው።»

«እሺ» አልኩ።

ሃምሳ አንድ እርምጃ ሄድን። መንገዱ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት፣ በግራ በኩል ትልቅ ቋጥኝ ያለበት ቦታ ነው። መሬቱ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ቀልጦ ሥሩ ገና በረዶ ነው፤ ሳሙና የተቀባ ሰሌዳ በሉት። መጀመሪያ የተንሸራተተው ዘለቀ ነው። ግንዱ ከእጁ ወጣ፤ ድንጋዩ ጫፉን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ግርማ ዘሎ ከመንገዱ ወጣ። ገመዶቹ ተወጠሩ። እኔ በተረከዜ አራት እርምጃ ያህል ተንሸራተትኩ። ገመዱ መዳፌን ሲልጠው ተሰማኝ።

ለሁሉም የተናገርኩት «ገመዱ አመለጠኝ» ብዬ ነው። ለእህቴም፣ ለአባ ተክሌም፣ ከቀበሌ መጥቶ ለጠየቀኝም። አላመለጠኝም። ጣቶቼን ከፈትኳቸው። አንድ ቃል ሳልናገር ለቀቅሁት።

ሽመልስ አልለቀቀም። ድንጋዩ ይዞት ወረደ። ቋጥኙን መታ፤ ተመለሰ፤ እንደሚወድቅ ሳንቲም ተንገዳግዶ በጎኑ ተኛ።

ወንዙ ይሰማ ነበር።

ሮጬ ወረድኩ። አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ይህን ሁሉ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ ያየሁት ድንጋዩን ነው። ጠርዙን በዓይኔ ዞርኩት።

«ተሰበረ?» አለ ሽመልስ። ድምፁ የተለመደው ድምፁ ነበር።

«አልተሰበረም» አልኩት።

«ጥሩ» አለ። ከዚያ «እግሬን አውጡልኝ» አለ።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ድንጋዩ ሥር ነበር።

ሦስት ሆነን ታገልነው። አልተነቃነቀም። ግንዱን ከሥሩ አስገብተን ለማንሣት ሞከርን፤ ግንዱ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ዘለቀ «ኡኡ! የማርያም ያለህ!» እያለ ሽቅብ ሮጠ። ሽመልስ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ከዚያ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እጄን ያዘኝ። ያችን የተላጠች መዳፌን ነው የያዘው።

መጀመሪያ የደረሱት አባ ተክሌ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ያን ቁልቁለት ሮጠው ወረዱ። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን በመመለስ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መጣ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የክት ልብስ፤ ሁሉም ነጭ። በበዓል ቀን ማንም አይመጣልኝም ብዬ ያልጠራኋቸው ሰዎች ናቸው። ማንም ስለ በዓሉ አልተናገረም። ዙሪያውን ተንበርክከው እጃቸውን ከድንጋዩ ሥር ከተቱ። አባ ተክሌ «በሉ፣ በአንድ ላይ!» አሉ፤ ተነሣ። እንደ ሰፌድ ተነሣ። ስንት እንደነበሩ አታውቅም ወይ ብትሉኝ አላውቅም። በዚያ ቀን ያልቆጠርኩት እነሱን ብቻ ነው።

ወርቅነሽ ስትደርስ ሰዎቹ በቃሬዛ አንሥተውት ነበር። ነጭ ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ እግሩን ጠቀለለችው። እኔን አላየችኝም።

ዘመሮ ጤና ጣቢያ ደም ለማቆም ብቻ ሞከሩ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ሆስፒታል ወሰድነው። በማግሥቱ ሐኪሙ ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ከውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ወርቅነሽ ከእኔ ራቅ ብላ ቁጭ ብላ ነበር። ከብዙ ሰዓት በኋላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ሳቅሁ እኮ» አለች። «‹ወንድምሽ› ሲለኝ ሳቅሁ።»

ሌላ ምንም አላለችኝም። እስከ ዛሬም አላለችኝም። ወቅሳኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሽመልስን ከዘመሮ በበቅሎ ይዘነው ተመለስን። መንደሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ በቅሎዋን የሚስበው ግርማ ቆመ። ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ዝግ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል።

«ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?» አለ ሽመልስ።

እኔ አውቄዋለሁ። መርሐቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ያዳመጥኩት ድምፅ ነው።

አባ ተክሌ ቃላቸውን ጠብቀው ነበር። ረቡዕ፣ ኅዳር ሃያ ስድስት፣ እኔ ሆስፒታል ሳለሁ፣ አርባ ሰው ከየቤቱ ጠፍር ይዞ በማለዳ መጣ። ድንጋዩን ከወደቀበት አንሥተው፣ በመሬቱ ቅዝቃዜ፣ ፀሐይ ሳይነካው ወፍጮ ቤት አደረሱት። አንድም ሰው እግሩን አልተጋጨም። የተረፈውን አባ ተክሌ ራሳቸው አስተካክለው ገጠሙት። ዓላማዬ ተሳካ። የተሳካው እኔ በሌለሁበት፣ እኔ ልጠብቀው ባልቻልኩት ቀን ነው።

ሽመልስ በበቅሎዋ ላይ ሆኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «ቀድሞን ገባ» አለ። «እግረኛ ነው ያንተ ድንጋይ።» ግርማ ሊስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሌላ ቀን አባ ተክሌን ወፍጮ ቤት አገኘኋቸው። ውሃው መዘውሩን በኃይል ያዞራል። እንደ ስሌቴ ቢሆን በዚያ ሳምንት መድከም ነበረበት። ደብተሬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ።

«መቼ መቼ ነበር የምትለካው?» አሉኝ።

«በየማለዳው፣ ፀሐይ ሳይወጣ። ሰዓቱ ካልተለዋወጠ ነው ልኬቱ ልክ የሚሆነው።»

«ልክ ነው። ግን በኅዳር ማለዳ ላይኛው ረግረግ በረዶ ይሆናል። ውሃው ተይዞ ያድርና ረፋድ ላይ ይለቀቃል። ብርዱ በበረታ ቁጥር የማለዳው ውሃ ያንሳል። ለዚህ እኮ ነው በዚህ ወራት ወፍጮ ቤት ረፍዶ የሚከፈተው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። «ስትለካ አይሃለሁ። ሰው ስትጠይቅ አላየሁህም።»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወርጄ ለካሁ። ስምንት ጣት ተኩል። ወፍጮው በዚያ ዓመት እስከ የካቲት እኩሌታ ፈጨ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ላሳካ ብላችሁ የተነሣችሁ፣ ሰው የሳቀባችሁ፣ ቢሆንም ያልተዋችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ጽኑ የሚላችሁ ሰው አታጡም። እኔም አትጽኑ አልላችሁም። እኔ ግን ጽኑ ነበርኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲከፈል ሁለተኛውን አነሣሁ። ጣቶቼ ሲደሙ በጨርቅ ጠቅልዬ ወቀርኩ። ከእኔ የጸና ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ጽናት ካለኝ ትዕግሥትም ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ቤት የሚያድሩ መስሎኝ። አይደሉም። ጽናቴ ድንጋዩን ይዤ ላለመልቀቅ ነበር። ትዕግሥት ደግሞ ድንጋዩን ታኮ አድርጎ፣ ትቶ፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ማለት ነው። አሥራ አራት ወር ብቻዬን መሥራት ቻልኩ፤ አምስት ቀን ሰው መጠበቅ አቃተኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጽናት ያልኩት ነገር ራሱ መዳፌ እስኪላጥ ድረስ ብቻ የሚቆይ ሆኖ ተገኘ።

የመንደሩ ሰው ማርያም ቀጣችው ይላል። እኔ ማርያም ያደረገችው አይመስለኝም። የቀለጠ መሬት፣ ከአርባ ሠላሳ ስድስት የጎደለ ሰው፣ አንድ ክፉ ቃልና የተከፈቱ ጣቶች ናቸው። በእሷ ላይ ማላከክም ሌላ ኃጢአት ነው።

ዛሬ አባ ተክሌ አርፈዋል። ወፍጮውን የሚያሠራው ሽመልስ ነው፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነውና አገሩ ለእሱ ሰጠው። ክራንቹን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፤ ሴቶቹን ያስቃል። መሬቱን እኔ አርስለታለሁ፤ በየሦስት ሳምንቱም ድንጋዩን እወቅራለሁ። ወርቅነሽ እህል ስታመጣ እኔ ውስጥ ካለሁ በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ረፋድ፣ ወፍጮው ሲዞርና ድምፁ ቤቱን ሲሞላው፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጩኸቱን መርጬ ነው፤ ባይሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አያ ሽመልስ» አልኩት። «ያን ቀን ገመዱን ለምን አልለቀቅህም?»

ክንዱ ላይ ያረፈውን ዱቄት እፍ አለው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አንተ የያዝህ መስሎኝ ነዋ» አለ።

ከዚያ አንገቱን በበሩ አውጥቶ ባለ ተራዋን ጠራ።